ያልሄድንበትን ጉዞ መጻፍ ሐሰት ነውን?

በፊንላንድ የሚኖሩ ወገኖቻችን የዚያን አገር ዜግነት ለማግኘት ሲያመለክቱ ከሚጠየቋቸው ነገሮች አንዱ የቋንቋ ችሎታ ማረጋገጫ ነው። ብዙዎች ይህን የሚያቀርቡት አገር አቀፉን የቋንቋ ፈተና በመውሰድ ሲሆን፣ ከፈተናው ስድስት ደረጃዎች ለዜግነት የሚፈለገው ሦስተኛው ነው። ከፈተናው ክፍሎች አንዱ ጽሕፈት ነው፤ ለዚህም በሚደረገው ልምምድ «ያለፈውን የዕረፍት ጊዜህን እንዴት አሳለፍህ?» የሚለው ርእስ የተለመደ ነው። ርእሱ የሚመረጠው ተማሪው የኃላፊ ጊዜ ግሥ ማርባት መቻሉን ስለሚያሳይ ነው።

እንግዲህ ዓመቱን ሙሉ ሌሊት ቢሮ ሲያጸዳ የከረመ፣ የዕረፍት ሳምንቱንም በሌላ ሥራ የሸፈነ ሰው ምን ይጻፍ? በሐይቅ ዳር ባለች የእንጨት ጎጆ እንደ ሰነበተ፣ በሳውና እንደ ታጠበ፣ በሐይቁም እንደ ዋኘ አድርጎ ይጽፋል። ከፈተናው ሲወጣ ግን ሕሊናው «ዋሸህን?» ይለዋል። ጥያቄው የሩቅ አገር ብቻ አይደለም። በአዋሽ ወይም በሰመራ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ድርሰት እንዲጽፍ የታዘዘ የአፋር ልጅም፣ የዕረፍቱን ወራት ፍየል ሲጠብቅ ከርሞ ሳለ፣ «ከቤተሰቤ ጋር ላንጋኖ ሄድን» ብሎ ሊጽፍ ይችላል።

ይህን ጥያቄ አቅልለን እንዳናልፈው የሚከለክለን በአፋር ሕዝብ ዘንድ የቆየው የዳጉ ሥርዓት ነው። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው ብቻ አይለያዩም፤ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን በየተራ ይነጋገራሉ፤ ዝናብ የት እንደ ጣለ፣ ግጦሽ የት እንዳለ፣ ከብቱን ምን በሽታ እንደ ነካው፣ በየትኛው መንገድ ሰላም እንደ ጠፋ። የሰማውም ለሚቀጥለው ያደርሳል። በዓይን የታየውና በጆሮ የተሰማው ተለይቶ ይነገራል፤ ሐሰት ያወራ ሰው ይነቀፋል፣ ይጠየቅበታልም፤ የሌለ ውኃ አለ ያለ ሰው የወንድሙን መንጋ ለጥም አሳልፎ ሰጥቷልና። ይህን ሥርዓት ጠብቀው ያቆዩት ሙስሊም ወንድሞቻችን ናቸው፤ ስምንተኛውን ትእዛዝ የምናስተምር እኛም ከእነርሱ ልንማር ይገባናል። በዚህ ሥርዓት ያደገ ልጅ «ያለፈውን ተናገር» ሲባል ለምስክርነት የተጠራ ቢመስለው አያስደንቅም።

ሆኖም ሁሉ ንግግር ምስክርነት አይደለም። ማታ ተረት ሲነገር ጅቡ መናገሩን ሰምቶ «ሐሰት ነው» ብሎ የሚነሣ የለም። ጌታችንም ስለ ጠፋው ልጅ ሲናገር የአባትየውን ቤት አድራሻ የጠየቀው አልነበረም። ቅዱስ አውግስጢኖስ እ.ኤ.አ. በ395 ገደማ ስለ ሐሰት በጻፈው መጽሐፍ ሐሰትን በስምንት ወገን ከፍሎ አንዱንም አይፈቅድም፤ የሰው ሕይወት ለማዳን እንኳ ቢሆን። እንዲህ ጥብቅ የሆነው መምህር ግን ቀልድን ከሐሰት አይቆጥረውም፤ የተናጋሪው ድምፅና ሁኔታ ለማታለል እንዳላሰበ ይገልጣልና። (ቅዱስ ቶማስ ዘአኩዊኖ በዚህ ነጥብ ከእርሱ ይልቅ ይጠነክራል።) እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 2482 የአውግስጢኖስን ፍቺ ተቀብሎ፣ ሐሰት የሚባለው ለማታለል ታስቦ የሚነገር እውነት ያልሆነ ነገር መሆኑን ያስተምራል።

አውግስጢኖስ ራሱ እንዲህ ያለ ፈተና ተቀምጧል። በኑዛዜው በመጀመሪያው መጽሐፍ እንደሚተርከው፣ በልጅነቱ ዩኖ የተባለችው የአሕዛብ አምላክ ተቆጥታና አዝና ተናገረች የሚባለውን በራሱ ቃላት እንዲናገር መምህሩ አዘዘው፤ ከእኩዮቹም በልጦ ተጨበጨበለት። ኋላ ይህን ሲያስታውስ የሚያዝነው ዋሸሁ ብሎ አይደለም፤ ያ ሁሉ ተሰጥኦ በከንቱ ነገር መባከኑ ነው የሚቆጨው።

ስለዚህ ፈታኙ ምን እንደሚሰማ እንጠይቅ። ተፈታኙ በእውነት ዋኝቷልን ብሎ አይመረምርም። ወረቀቱ ለፈታኙ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ይህን በዚህ ቋንቋ ራሴ መጻፍ እችላለሁ» የሚል። ይህ እውነት ከሆነ ሐይቁ ባይኖርም ሐሰት የለም። በአንጻሩ፣ በእርግጥ ሐይቅ ዳር የሰነበተ ሰው ሌላው የጻፈለትን ሸምድዶ እንደ ራሱ ቢያቀርብ፣ ቃሉ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ ወረቀቱ ሐሰተኛ ነው። በአገራችን በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ግቢ እንዲሰጥ ያስገደደው ይኸው ዓይነቱ ሐሰት ነበር፤ በዚያ ዓመት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። የሰው መልስ ገልብጦ ወደ ቅዱስ ቁርባን የሚቀርበው ወጣት ሳይጨነቅ፣ ስለ አንዲት የፈጠራ ጎጆ የሚጨነቀው መኖሩ የሕሊና ትምህርታችን ሚዛን የት እንዳዘነበለ ያሳያል።

ይሁን እንጂ ሐሰት አይደለም ማለት አይጎዳም ማለት አይደለም። ያ የአፋር ልጅ ላንጋኖን የመረጠው ፍየል ጥበቃው ለድርሰት የማይበቃ መስሎት ከሆነ፣ ኃላፊ ጊዜን ብቻ ሳይሆን በራሱ ሕይወት ማፈርንም ተምሯል። ጥፋቱም ከተማሪው ይልቅ የጥያቄ አውጪው ነው። ዕረፍት የሚወጣ ቤተሰብ ብቻ አስቦ ጠይቋልና። በፊንላንድኛ ዕረፍት «ሎማ» ይባላል፤ ቃሉ ቀድሞ በሁለት ነገሮች መካከል ያለ ክፍተት ማለት ነበር። ብዙ ሠራተኞች ይህ ክፍተት የላቸውም። «ሚኑላ ኤይ ኦሉት ሎማ»፣ «ዕረፍት አልነበረኝም» ብሎ መጀመር ግን ይቻላል፤ በዚያ ቋንቋ አሉታው ራሱ እንደ ግሥ ስለሚረባ፣ ይህን በትክክል የጻፈ ሰው ችሎታውን አሳይቷል። ከዚያ በኋላ ሌሊት ስለ ጠረገው ፎቅና በልደት በዓል ማለዳ ስለ ተሳፈረበት ባዶ አውቶቡስ ይጻፍ።

በየቁምስናው ለልጆች የጽሕፈት ልምምድ የምትሰጡ ካቴኪስቶችም፣ «የት ሄዳችሁ?» በምትሉበት ቦታ «ባለፈው ወር ምን አያችሁ፣ ምንስ ሰማችሁ?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ የሰመራው ልጅ ዳጉን ከቤቱ ያውቀዋልና ብዙ የሚጽፈው ይኖረዋል።