ጨዋታ የዕድሜ ግብር ይሆናልን?

ፈጣሪ ከሰጠው ዕድሜ ዐርባና ዐምሳ ዓመት ቆርሶ፣ ስኬትቦርድ በምትባል አራት ጎማ በተገጠመላት ጣውላ ላይ ሲንሸራተት፣ ሲዘልና ሲወድቅ የኖረ ሰው መክሊቱን ቀበረ እንበለው ወይስ አተረፈበት? ከመካነ ሰላም ጀምሮ በዓባይ ሸለቆ አፋፍ በተዘረጋው በቦረናና በሳይንት ደጋ ለሚኖር ገበሬ ጥያቄው እንግዳ ሳይሆንበት አይቀርም፤ በዚያ አገር ጨዋታ ወሰን አለውና፣ የገና ዱላ በገና፣ ጅራፍም በቡሄ ተነሥቶ ወዲያው ይሰቀላል እንጂ በጨዋታ እንጀራ እበላለሁ ብሎ ሞፈሩን የሚጥል ጎልማሳ አይገኝም።

ሆኖም የዚህ የመንሸራተት ጥበብ ዘር በከተሞቻችን ልጆች ዘንድ ከቆየ ሰንብቷል። ከጋራዥ የተጣለ ኩሽኔታ ለቅሞ፣ ከእንጨት ጋር አጋጥሞ፣ ቁልቁለቱን በጩኸት የሚወርድ ልጅ ያላየ ማን ነው? ስኬትቦርድም የሚሽከረከረው በዚያው በኩሽኔታ ነው፤ በየጎማው ሁለት ሁለት እየተሰካ ስምንት ይሆናል። በ2008 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ ስኬት» የተባለው የስኬትቦርድ ቡድን ወጣቶች ከባሕር ማዶ ከመጡ በጎ ፈቃደኞች ጋር በአዲስ አበባ የኮንክሪት መጫወቻ ከሠሩ ወዲህ ደግሞ ጨዋታው ማደሪያ አግኝቷል፤ ልጃገረዶችም የራሳቸውን ማኅበር መሥርተዋል።

በዚህ ሙያ ስሙ የገነነው አሜሪካዊው ቶኒ ሆክ በዘጠኝ ዓመቱ ከወንድሙ አሮጌ ጣውላ ተቀብሎ፣ በዐሥራ አራት ዓመቱ መተዳደሪያው አደረገው፤ ስፖርቱ ተቀዛቅዞ ገቢው በደቀቀ ጊዜም አልተወውም። ሰኔ 20 ቀን 1991 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ በተደረገ ውድድር፣ በአየር ላይ ሁለት ዙር ተኩል ዞሮ ለማረፍ ደጋግሞ ሞከረ፤ ደጋግሞም ወደቀ፤ የውድድሩ ሰዓት ካለፈ በኋላ እንኳ እንደገና ወደ ከፍታው ወጥቶ፣ በስተመጨረሻ ጎንበስ እንዳለ በእግሩ ቆመ።

ፈላስፋ ሊመረምረው የሚገባው ከዚያ ድል በፊት የነበረውን መውደቅ ነው። በሐኬትና በቸልታ የሚመጣ ውድቀት አለ፤ ሰው ከዐቅሙ በላይ ያለውን ሲሻ፣ ሕመሙን እያወቀ በፈቃዱ የሚቀበለው ውድቀትም አለ። የፊተኛው ነፍስን ያደነዝዛል፤ የኋለኛው ግን አፈር ልሶ መነሣትን ስለሚያስተምር ከተጋድሎ ወገን ይቈጠራል። በስቅለት ዕለት ከጧት እስከ ሠርክ የሚሰግደው ክርስቲያን፣ በየዕለቱም ግንባሩን ከምድር የሚያገናኘው ሙስሊም፣ ሥጋ በመውደቅና በመነሣት ትሕትናን እንደምትማር በአንድ መንደር ጎን ለጎን ሆነው ይመሰክራሉ። ስግደት ለፈጣሪ ብቻ ነውና ጨዋታን ከእርሱ ጋር ማስተካከል ድፍረት ይሆናል፤ ትዕግሥት ግን ከየትም ቢማሯት ትዕግሥት ናት።

«ይህ ሁሉ ውዳሴ ከንቱ ነው» የሚል ቢነሣ በከፊል እውነት አለው። ጨዋታው በ2013 ዓ.ም. በቶኪዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ገብቶ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጃገረድ ወርቅ ስትሸለም ዓለም አጨብጭቧል፤ ጭብጨባ ግን የአንድን ግብር ጽድቅ አያስረዳም። ወላጆቹን አስርቦ የሚጫወትም በጸጋ ስም ግዴታውን ከድቷል። ስለዚህ መለኪያው አንድ ነው፤ ባለሙያው ከመውደቁ የተማረውን ለሌላው አስተላልፏልን? ሆክ በኋላ ለድኻ መንደር ልጆች መጫወቻ የሚያሠራ በጎ አድራጎት ድርጅት አቁሟልና፣ በዚህ መለኪያ መክሊቱን ቀበረ ሊባል አይገባውም።

እንግዲህ የደጋው አባቶችና እናቶች ሆይ፣ ልጃችሁ በኩሽኔታ ሲወርድ ብታዩት ሥራ ፈት ብላችሁ ከመስደባችሁ በፊት ሲወድቅ እንዴት እንደሚነሣ ተመልከቱት፤ ትምህርቱንና የቤቱን ሥራ ካላጓደለም፣ ከመኪና መንገድ የራቀ ደልዳላ ቦታ ፈልጉለት።