ለልጅ አማና ይሰጣልን?

ባለፈው አረፋ ዘመድ ለመጠየቅ ጉንችሬ ሄጄ ሳለ ከአንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ጋር ተጨዋወትን። የተማሪዎች ፓርላማ አባል ናት። «ሥራችሁ ምንድን ነው?» አልኳት። «አርፍዶ የመጣ እንመዘግባለን፤ በሰልፍ ላይ ንግግር እናደርጋለን» አለችኝ። ለሴቶች መጸዳጃ ቤት በር መቀርቀሪያ እንዲገዛ ጠይቀው «ይታሰብበታል» ከተባሉ ዓመት ሞልቷቸዋል። «ጋሼ፣ ትንሽ ብር ቢፈቀድልን እኛው በአንድ ቀን እናሠራው ነበር» ስትል አጠገባችን የተቀመጡ አንድ ሐጂ ሳቁ። «ልጅና ብር ምን አገናኛቸው!» አሉ። እኚሁ ሐጂ በአሥራ ሦስት ዓመታቸው መርካቶ ገብተው የሰው ሱቅ ይጠብቁ፣ ገንዘብም ይቀበሉ እንደነበር ራሳቸው አጫውተውናል።

ነገሩ ከመቀርቀሪያ ያልፋል። አማና የሚሰጠው ታማኝነት ከታየ በኋላ ነውን? ወይስ ታማኝነት የሚታየው አማና ሲሰጥ ነው?

ቅዱስ ቁርአን በሱረቱ አን-ኒሳእ 6ኛ አንቀጽ የየቲሞችን ገንዘብ የያዙ ሰዎች ልጆቹን ለጋብቻ እስኪደርሱ እንዲፈትኗቸው፣ ቅን አስተዳደር ሲያዩባቸውም ገንዘባቸውን እንዲያስረክቧቸው ያዛል። ፈተናው ከርክክቡ ይቀድማል ማለት ነው። ከፊቅህ ሊቃውንትም ልጁ ለአካለ መጠን ሳይደርስ በጥቂት ገንዘብ እየተገበያየ ይፈተን ያሉ አሉ። ባዶ እጅ ምን ተብሎ ይፈተናል?

«የየቲም ገንዘብ የራሱ ነው፤ የትምህርት ቤት ገንዘብ ግን የሕዝብ ነው» የሚለኝ ይኖራል። እውነት አለው። ልጆች ለጓደኛ ሊያደሉ፣ ሊሳሳቱም ይችላሉ። ሆኖም ያው አንቀጽ በርክክቡ ጊዜ ምስክር እንዲቆም ያዛል። ስለዚህ ገንዘቡ ጥቂት ይሁን፤ መምህር አብሮ ይፈርም፤ ለየትኛው ክበብ ምን ያህል እንደተሰጠና ለምን እንደተሰጠ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ። ይህ ለእኛ ለአዋቂዎችም በደረሰን!

አማና በዕድሜ ብቻ አይለካም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሹመት የጠየቁትን ታላቁን ሰሐባ አቡ ዘርን (ረ.ዐ) ደካማ መሆናቸውንና ሹመት አማና መሆኑን ነግረው መለሷቸው። ሀያ ዓመት ገደማ የነበረውን ኡሳማ ኢብን ዘይድን (ረ.ዐ) ግን ታላላቅ ሰሐቦች ባሉበት ጦር ላይ ሾሙት።

የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ጭምር ባሉበት ኮሚቴ እንዲመሩ ደንግጎ ነበር። «ወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት» በሚለው ስም መካከልም ተማሪ አለ። ገንዘብ ሲመደብ ግን የት ነው ያለው?

በ1950ዎቹ አባቶቻችን ተደራጅተውና ገንዘብ አዋጥተው በጉራጌ ምድር መንገድ አሠርተዋል። ያንን አማና የሚረከበው ትውልድ ዛሬ አርፋጅ ሲመዘግብ ይውላል። ሳንፈትነው ነገ «የማይታመን ትውልድ» ብለን ብንወቅሰው ጥፋቱ የማን ሊሆን ነው? አላህ (ሱ.ወ) አማናን ለባለቤቱ ከሚያደርሱት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።