የማይነቃነቀው ንጣት

ራጅ በመስኮት ብርሃን ሲታይ ጤነኛ ሳንባ ጥቁር ነው፤ አየር ሞልቶታል። ነጣ ያለው አየር ያጣው ቦታ ነው። ያ ንጣት በሳንባ ምች መድኃኒት ካልጠፋ፣ ቲቢ በበዛበት በእኛ አገር ሐሳብ ወደ ቲቢ መሄዱ ተገቢ ነው። አንዳንዱ ሰው ግን አክታው ውስጥ ምንም ሳይገኝ የስድስት ወሩን መድኃኒት በትዕግሥት ውጦ ይጨርሳል፤ ንጣቱም እዚያው ይጠብቀዋል።

እንዲህ ካለው ንጣት ጀርባ፣ አልፎ አልፎ፣ ከሳንባው ከራሱ የተነሣ ሊምፎማ (ሊምፎሳይት የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች ካንሰር) ይገኛል። ከሊምፎማዎች ሁሉ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። በብዛት የሚታየው ዓይነት ማልት ሊምፎማ ይባላል። ስለ እርሱ ባሰብሁ ቁጥር አንድ ነገር ያቆመኛል፦ በጤነኛ ዐዋቂ ሳንባ ውስጥ በሽታው የሚነሣበት የሊምፍ ሕብረ ሕዋስ እምብዛም የለም። ሳንባው ለረጅም ጊዜ ሲቆጣ፣ ወይም እንደ ሾግረን ባለ ሕመም ሰውነት በራሱ ላይ ሲነሣ፣ ነጭ የደም ሴሎች ለጥበቃ ተጠርተው ይመጡና ይሰፍራሉ። መባዛቱን የማያቆመው ከእነዚያ ዘቦች አንዱ ነው። የመጣው ሊጠብቅ ነበር።

አካሄዱ ዝግ ያለ ነው። በሲቲ ስካን በንጣቱ መካከል የአየር ቧንቧዎቹ እንደ ጥቁር ቅርንጫፍ ተዘርግተው ይታያሉ፤ ሴሎቹ ቧንቧውን ይከብቡታል እንጂ ብዙውን ጊዜ አይደፍኑትም። ሳንባ ምችም እንዲሁ ስለሚታይ ሐኪም ቢሳሳት አይፈረድበትም። በሽተኛውም ምንም ሳይሰማው ሊከርም ይችላል።

ቁርጡን የሚናገረው ናሙና ነው፤ እርሱም በቀላሉ አይናገርም። በብሮንኮስኮፒ፣ በአየር ቧንቧ በሚገባው ቀጭን መሣሪያ፣ የሚወሰደው ቁራጭ ትንሽ ነው። ሴሎቹም ጥቃቅን ናቸው፤ ጤነኛ ሊምፎሳይት ይመስላሉ። ፓቶሎጂስቱ ሲዲ20 የተባለውን ምልክት በቀለም ያወጣል፤ ሴሎቹ ከአንድ ሴል የተወለዱ መሆን አለመሆናቸውን ይመረምራል። ከ10 በሽተኞች በ4ቱ ገደማ ክሮሞሶም 11 እና 18 ቁራጭ ተለዋውጠው ይገኛሉ። ናሙናው ካልበቃ በቀዶ ሕክምና ሌላ ይወሰዳል። ስሙ ካንሰር ቢሆንም አብዛኞቹ ከአምስት ዓመት በላይ ይኖራሉ፤ ለአንዳንዱ ሐኪሙ የሚያዘው ክትትል ብቻ ነው።

ሰዎች የድሮ ራጃቸውን በትልቁ ፖስታ ቁም ሣጥን ላይ ሲያኖሩ ደስ ይለኛል። ከሁለት ዓመት በፊት የተነሣውና የዛሬው ጎን ለጎን መስኮቱ ላይ ሲያዙ፣ ያው ንጣት፣ እዚያው ቦታ ላይ፣ ጥቂት ብቻ ሰፍቶ ይታያል። ሳንባ ምች ሁለት ዓመት እንዲህ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሐኪሙ ሁለቱን ፊልሞች እንደያዘ ትንሽ ይቆያል፤ ከዚያ ናሙና እንውሰድ ይላል።