ቅዱስ ጳውሎስ በአቴና፥ እኛም በኢፋት መንገድ

የሰው ልጅ በተፈጥሮው ያላየውን ለማየት ይናፍቃል፤ ይህም ናፍቆት በራሱ ነቀፋ ያለበት አይደለም። ንግሥተ ሳባ የሰሎሞንን ጥበብ ለመስማት እስከ ኢየሩሳሌም ወጥታለች፤ ጃንደረባውም ሊሰግድ ሄዶ ሲመለስ በመንገድ ላይ የጥምቀትን ጸጋ አግኝቷል። በዘመናችን ግን የዕረፍትን ጊዜ በጉዞ ማሳለፍ ከባለጸጎች አልፎ ለብዙዎች የደረሰ ልማድ ሆኗል። በውጭ አገር የሚኖሩ ልጆቻችን በዕረፍታቸው ወራት አስጎብኚ እየመራቸው የጥንቱን የጽርእ ሰዎች ፍርስራሽ አይተው ይመለሳሉ። በአገር ውስጥ ያለነውም በየአጥቢያችን ተሰባስበን፥ አውቶቡስ ተከራይተን፥ ወደ ላሊበላና ወደ ግሸን እንጓዛለን። እንግዲህ ልንመረምረው የወደድነው መሄድ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን አይደለም፤ በወደቀ ድንጋይ ፊት የቆመ ክርስቲያን በምን ዓይን ሊያየው ይገባዋል የሚለውን ነው እንጂ።

ለዚህም ነገር ከቅዱስ ጳውሎስ የበለጠ መምህር አናገኝም። የሐዋርያት ሥራ በ17ኛው ምዕራፍ እንደሚነግረን ሐዋርያው ወደ አቴና የገባው ከቤርያ ተሰዶ ሲሆን፥ በከተማዪቱም የቆየው ሲላስንና ጢሞቴዎስን እስኪመጡ ድረስ ሲጠብቅ ነበር። ይህ ቃል በችኮላ የሚታለፍ አይደለም። ጓደኞቹን የሚጠብቅ እንግዳ፥ በማያውቀው ከተማ ብቻውን፥ ጊዜ የተረፈው ሰው ነበር ማለት ነውና፤ በዛሬው አነጋገር ቢሆን ዕረፍት ላይ ነበር ባልን ነበር። በዚያ ጊዜ ምን አደረገ? እየተዘዋወረ ተመለከተ። ሲመለከትም ከተማው በጣዖት ተሞልቶ ስላየ መንፈሱ ተበሳጨበት። ነገር ግን ተበሳጭቶ አልሄደም፤ ወደ አንድ መሠዊያ ቀርቦ በላዩ የተጻፈውን አነበበ። ጽሑፉም ለማይታወቅ አምላክ የተሰጠ መሆኑን የሚናገር ነበር። በኋላ በአርዮስፋጎስ ቆሞ ሲናገር ስብከቱን የጀመረው ከዚያ ድንጋይ ነው። የሰዎቹን መሠዊያ አላፈረሰም፤ አልተሳለቀበትምም፤ የልባቸውን ጥያቄ ከድንጋያቸው ላይ አነበበላቸው እንጂ። ከሰሙትም ወገን አንዳንዶቹ አፌዙበት፥ ሌሎቹም ሌላ ጊዜ እንሰማሃለን አሉት፥ ጥቂቶችም አመኑ፤ ከነዚህም የአርዮስፋጎስ ዳኛ የነበረው ዲዮናስዮስና ደማሪስ የተባለች ሴት በስማቸው ተጽፈዋል።

እዚህ ላይ የዛሬው ጎብኚ ሊያስብበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ዛሬ ፍርስራሽ ብለን የምናየው ሕንጻ ጳውሎስ ባየው ጊዜ ፍርስራሽ አልነበረም። በአክሮፖሊስ ኮረብታ ላይ የቆመው ፓርቴኖን የተባለው ቤተ ጣዖት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ447 እስከ 432 ዓመት የተሠራ ስለሆነ፥ ሐዋርያው በደረሰ ጊዜ 500 ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር፤ ነገር ግን ጣራው እንደ ተከደነ፥ ዓምዶቹም እንደ ቆሙ ነበሩ። እርሱ የቆመውን አይቶ ስለ ሰዎቹ ነፍስ አዘነ፤ እኛ የወደቀውን አይተን ስለ ዓምዶቹ ውበት እንደነቃለን። ማድነቁስ ባልከፋ፤ ሰዎቹን መርሳታችን ነው የከፋው።

ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት የደረሰውን አስጎብኚው በአንድ ሰዓት ውስጥ ተርኮ ይጨርሰዋል። የጣዖቱ ቤት በኋላ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ሆኖ በእመቤታችን ስም ተጠርቷል፤ ቱርኮች አቴናን በ15ኛው መቶ ዓመት ከያዙ በኋላ ደግሞ መስጊድ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1687 የቬኒስ ሠራዊት ከተማዪቱን ሲወጋ ቱርኮች በውስጡ ባሩድ አከማችተው ስለ ነበር አንድ ጥይት ወድቆበት መካከሉ ፈነዳ። ልብ እንበል፤ ባሩዱን ያኖሩት እስላሞች ነበሩ፥ መድፉን የተኮሱት ግን ክርስቲያኖች ናቸው። ሁለት ሺህ ዓመት ለሚያህል ጊዜ ዝናብና ፀሓይ ያልጣሉትን ቤት የጣለው የሰው ጠብ ነው። ከተረፈውም ቅርጽ ብዙውን ስኮትላንዳዊው ሎርድ ኤልጂን በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እያስነቀለ ወደ አገሩ ወሰደው፤ እስከ ዛሬም በለንደን ይገኛል። ከመቅደላ በ1860 ዓ.ም. የተወሰዱት ታቦቶቻችንና መጻሕፍቶቻችን በዚያው ከተማ የገቡ ስለሆነ፥ በዚህ ነገር የጽርእ ሰዎች ሐዘን ለእኛ ለወሎና ለሸዋ ሰዎች እንግዳ አይደለም።

የጽርእ ፊደልም ቢሆን ለአባቶቻችን እንግዳ አልነበረም። ንጉሥ ኢዛና በአክሱም ያቆመው ድንጋይ በግእዝ፥ በሳባና በጽርእ ተጽፎበታል። እርሱ የክርስትናን እምነት ሲቀበል ያን ፊደል አልጣለውም። ይህን የምንለው የሌላውን ሕዝብ ጽሕፈት ማንበብ ከሃይማኖት እንደማያጎድል ለማሳየት ነው፤ ወደምንመጣበትም ነገር መንገድ ይጠርግልናል።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ግሸን የሚሄደው ምእመን በጣርማ በር ወርዶ ደብረ ሲናን፥ ሸዋ ሮቢትን፥ ሰንበቴን፥ አጣዬን፥ ካራ ቆሬን አልፎ ከሚሴ ይደርሳል፤ ከዚያም የጨፋን ሜዳና የቦርከናን ወንዝ እያየ ወደ ኮምቦልቻ ይወጣል። በዚህ መንገድ ብዙ ጊዜ ተጉዘናል። ምእመናኑ ገደሉ እስኪያልፍ ይጸልያሉ፤ ቆላው ሲጀምር ግማሾቹ ይተኛሉ፥ ግማሾቹም ይዘምራሉ። ከመስኮቱ ውጭ ያለውን አገር ግን የሚያየው የለም፤ ጉዞው ግሸን ሲደርስ የሚጀምር ይመስላቸዋልና።

ሆኖም ከከሚሴ በስተደቡብ፥ የደጋው ጫፍ ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት የኢፋት ተረተር ላይ፥ የጥንት ከተሞች ፍርስራሽ አለ። ኖራ፥ አስባሪና መሳል የተባሉትን ቦታዎች ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ መርምረው ለዓለም አሳውቀዋል። እነዚህ እ.ኤ.አ. ከ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የወላስማ ቤት ሱልጣኖች በገዙት በኢፋት አገር የነበሩ የእስላም ከተሞች ናቸው። የመስጊድ ግድግዳና ሚሕራብ፥ የቤት መሠረትና መቃብር ይታይባቸዋል፤ በኢፋት ከሚገኙት የሱልጣኖቹ መቃብሮችም በዐረብ ፊደል የተጻፈ ድንጋይ ተነቧል። ንጉሠ ነገሥት ዓምደ ጽዮን ከኢፋቱ ሰብረዲን ጋር የተዋጋውን እ.ኤ.አ. የ1332ቱን ጦርነት ከዜና መዋዕሉ የምናውቅ ነን። የዜና መዋዕሉን አንዱን ወገን አንብበናል ማለት ነው፤ ሌላው ወገን በድንጋይ ላይ ተጽፎ በተረተሩ ላይ ቀርቷል።

«የእኛ ያልሆነውን ፍርስራሽ ማየት ምን ይረባናል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህን የሚል ሰው ግን ገንዘብ ቢያገኝ አቴና ድረስ ሄዶ የጣዖት ቤት በፎቶግራፍ ለማንሳት አያመነታም። የሩቁን ጣዖት ዓምድ አድንቆ፥ አንድ አምላክ ብሎ የሰገደውን የጎረቤቱን አያት መቃብር መናቅ ምን ዓይነት ፍርድ ነው? ከዚህ የሚብሰው ደግሞ በወደቀ ከተማ ላይ ድል እንዳደረገ ሰው መመካት ነው። ጌታችን በኢየሩሳሌም ላይ ያለቀሰው ገና ሳትፈርስ ነው፤ ያለቀሰላትም ልትሰቅለው ለተዘጋጀችው ከተማ ነበር።

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ አሮጌ ፍርስራሽ ነው። በዚሁ መንገድ ላይ ግን አስጎብኚ የሌለው አዲስ ፍርስራሽም አይተናል። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢዋ፥ በኦሮሚያ ዞንም በጅሌ ጥሙጋ ወረዳ፥ ሰው ተገደለ፥ ቤት ተቃጠለ፥ ከአማራውም ከኦሮሞውም ወገን ብዙ ሕዝብ ተፈናቀለ። ከዚያ በኋላ በነበረው ዓመት አውቶቡሶቻችን በተቃጠሉት ቤቶች መካከል ሲያልፉ ምእመናን በመስኮት ሆነው በስልካቸው ፎቶግራፍ ያነሡ ነበር። በአክሮፖሊስ ድንጋይ ፊት እንደሚደረገው ማለት ነው። በዚያ ግድግዳ ውስጥ ያደረው ሰው ግን ከሞተ ሁለት ሺህ ዓመት አልሆነውም፤ ምናልባትም በመንገዱ ዳር ቆሞ አውቶቡሱን ያይ ነበር።

የከሚሴ ክርስቲያኖች ከእኛ ከመንገደኞቹ ይልቅ በዚህ ነገር የተማሩ ናቸው። ቁጥራቸው ጥቂት፥ ጎረቤታቸውም አብዛኛው ሙስሊም ኦሮሞ ነው። በወሎ ልማድ ሠርግ የደገሰ ክርስቲያን ለሙስሊሙ እንግዳ በሙስሊም እጅ የታረደ ያዘጋጃል፤ ሙስሊሙም ለክርስቲያኑ እንዲሁ ያደርጋል። ሥጋው ይለያል፤ ለቅሶው ግን አይለይም፤ ሬሳው ሲወጣ ሁሉም ይወጣል። ይህን ልማድ አንዳንድ ወጣት ሰባክያን እንደ ለዘብተኝነት ሲቆጥሩት እንሰማለን። እኛ ግን ጳውሎስ በአርዮስፋጎስ ከተናገረው፥ የሰውን ወገን ሁሉ እግዚአብሔር ከአንድ ሰው ፈጠረ ከሚለው ትምህርት ጋር የሚስማማ ሆኖ እናገኘዋለን። ሃይማኖታቸውንም አላጎደለባቸውም፤ ጾማቸውን ይጾማሉ፥ ታቦታቸውን ያከብራሉ።

ስለዚህ የጉዞ ማኅበራትን የምትመሩ ካህናትና ሽማግሌዎች ሆይ፥ ጥቂት ነገር እንለምናችኋለን። ለመስከረም 21 ቀን የግሸን ማርያም በዓል ምእመናንን ይዛችሁ ስትወርዱ፥ የመኪናውን ድምፅ ማጉያ በየከተማው ከፍ አታድርጉ፤ በማንም ላይ የሚያላግጥ ግጥም እንዳይሰማበት ተጠንቀቁ። ካራ ቆሬ ወይም ከሚሴ ላይ አውቶቡሱን አቁሙና ሕዝቡ ይውረድ፤ ሻይ ይጠጣ፥ ከነጋዴው ጋር ይነጋገር፥ በ2013ቱ ጥፋት ዘመድ የሞተበት ቢገኝ እግዚአብሔር ያጽናህ ይበለው፤ የሟቹን ሃይማኖት አስቀድሞ አይጠይቅ። ስለ ኢፋት ከተሞች የሚያውቅ ሰው በመካከላችሁ ካለ ከሸዋ ሮቢት እስከ ከሚሴ ባለው መንገድ ይናገር፤ ከሌለም አስቀድማችሁ ፈልጉ። ጉዞው በእሑድ የዋለ እንደ ሆነ የሰንበቴ ገበያ በዚያ ቀን ይቆማልና፥ አፋሩ፥ ኦሮሞው፥ አርጎባውና አማራው በአንድ ሜዳ ሲገበያዩ ምእመናን ወርደው ይዩ፤ አቅም ያለውም ከዚያው ይግዛ።