ለአንድ ሥራ ሁለት ምንዳ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አውራ ጎዳና በአዊ ምድር ሲያልፍ እንጅባራንና ዳንግላን ያቋርጣል። በዚህ መንገድ የተመላለሰ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ዓይነት ሠራተኛ አለ፤ ይኸውም መንገድ በሚጠገንበት ስፍራ ቀይና አረንጓዴ ጨርቅ ይዞ መኪናውን የሚያቆምና የሚያሳልፍ፣ ሕዝቡ «ባንዲራ ያዥ» ብሎ የሚጠራው ነው። ሲያቆመን እንበሳጫለን፤ ሲያሳልፈን እንረሳዋለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ጉዞ እንደ ኋላው ጊዜ ሳያሰጋ፣ የግንቦት ዝናብ ገና በጀመረበት ሰሞን ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በሚኒባስ እሄድ ነበር። አንድ ስፍራ ላይ መንገዱ ግማሹ ተቆፍሮ ግማሹ ብቻ ለማለፊያ ቀርቷል። በወዲህ ጫፍ አንዲት ወጣት ሴት፣ በወዲያኛው ጫፍ አንድ ጎልማሳ ቆመዋል። በመካከላቸው ኩርባ ስላለ አይተያዩም። ስለዚህ በመጨረሻ የሚያልፈው ሹፌር ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ዱላ ከእጇ ተቀብሎ ለጎልማሳው ያደርሳል፤ እርሱም ዱላው ሳይደርሰው ከበኩሉ አንዲት መኪና አይለቅም። እርሱ በተራው ያንኑ ዱላ በመጨረሻው መኪና መልሶ ይልክላታል። ከመካከላቸው አንዱ ቢዘናጋ፣ ከሰል የጫነ ሲኖትራክ ከሰው ከሞላ አውቶቡስ ጋር በኩርባው ላይ ፊት ለፊት ይገናኛሉ።

ብዙ ስለቆየን ወርደን እግራችንን አፍታታን። ልጅቱ መስቀሌን አይታ «አባ፣ ይባርኩኝ» አለችኝ። ባረክኋትና «ሥራው እንዴት ነው፣ ልጄ?» ስል ጠየቅኋት። «እግር ይጨርሳል፣ አባ። ደግሞ ሹፌሮቹ ይሳደባሉ» አለች። ስለ ክፍያው ስንነጋገር፣ ያ ጎልማሳ ሦስት ሲቀበል እርሷ ሁለት እንደምትቀበል ያለ ምንም ምሬት ነገረችኝ። እርሱን የቀጠረው ተቋራጩ ራሱ ነው፤ እርሷ ግን የገባችው «በሰው በኩል» ነው። ዝናብ ሥራ ባስቆመበት ቀን ለእርሱ ይታሰብለታል፤ ለእርሷ አይታሰብላትም። ያ ሰው ማን እንደሆነና ከድርሻዋ ስንት እንደሚወስድ አልጠየቅኋትም። ወዲያው ተራችን ደረሰና ሄድን።

ጥያቄው ግን ከእኔ ጋር ቀረ። ለተመሳሳይ ሥራ የተለያየ ክፍያ መኖሩ በዓለም ሁሉ የታወቀ ነገር ነው። በዚህ ጉዳይ ግን «ተመሳሳይ» የሚለው ቃል ራሱ አይበቃም። ሁለቱ የሚሠሩት ሁለት ተመሳሳይ ሥራ ሳይሆን አንድ ሥራ ነው። የእርሷ «ቁም» ያለ እርሱ «እለፍ» ትርጉም የለውም። ታዲያ አንዱ ሥራ ለሁለት ሲከፈል አንደኛው እኩሌታ ከሌላው የሚያንሰው በምን ሚዛን ነው?

በቅድሚያ መታወቅ ያለበት፣ ልዩነት ሁሉ በደል አለመሆኑ ነው። በዘርዐ ክህነት ቅዱስ ቶማስ አኲናስን ስንማር ሁለት ዓይነት ፍትሕ ተለይቶ ተነግሮናል፤ አንደኛው ሰው ከሰው ጋር ሲለዋወጥ እኩልን በእኩል የሚመልስ ነው፤ ሁለተኛው የጋራ የሆነውን እንደየአግባቡ የሚያከፋፍል ነው። ስለዚህ በቻግኒ ቆላ ፀሐይ ሥር ለሚቆመው፣ ወይም በሌሊት ለሚሠራው፣ ወይም ለብዙ ዓመት ልምዱ ተጨማሪ ቢከፈል ማንም ሊያጉረመርም አይገባም። እነዚህ ልዩነቶች ከሥራው የሚነሡ ናቸው። ከካቦው ጋር መተዋወቅ፣ ሴት መሆን፣ ወይም በደላላ በኩል መምጣት ግን ከሥራው ውጭ ናቸው። ዱላው በማን ስም ዝርዝር ላይ እንደተጻፈች አይጠይቅም።

የአገራችንም ሕግ በዚህ ላይ ዝም አላለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ሴቶች ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ ኢትዮጵያም የእኩል ክፍያን ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1999 አጽድቃለች። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ግን ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል ራሱ አልወሰነም፤ የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም አመለከተ እንጂ። በ2017 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞች ዝቅተኛ ደመወዝ ከ1,100 ወደ 4,760 ብር ከፍ ሲደረግ፣ በተቋራጭ ሥር በቀን ሒሳብ የሚውል ባንዲራ ያዥ በዚያ እርከን ውስጥ አልነበረም። በዚያው ጎዳና ላይ የሚቆመው የትራፊክ ፖሊስ ግን የመንግሥት ደመወዝተኛ ነው። በሌላም አገር ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1931 የወጣው የዴቪስ-ቤከን ሕግ በፌዴራል መንግሥት ገንዘብ በሚሠራ ግንባታ ላይ የሚውል ሠራተኛ በአካባቢው ከተለመደው ክፍያ ያነሰ እንዳይቀበል ያስገድዳል። በትምህርት ቤት ደጃፍ ሕፃናትን የሚያሻግሩት አረጋውያን ግን የግንባታ ሠራተኞች ስላልሆኑ ይህ ሕግ አይደርሳቸውም። ጎዳናው አንድ ሲሆን የከፋዩ ኪስ ብዙ ነው፤ ምንዳውም ኪሱን ይከተላል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ከካቴኪስቶች ጋር ስንወያይ አንዱ ወንድም «ነፍስ የሚጠብቅ ሰው ምንዳው በጠበቀው ነፍስ ልክ ሊሆን ይገባል» አለ። ንግግሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን አያስኬድም። የሰው ሕይወት ዋጋ የሌለው ከዋጋ በላይ ስለሆነ ነው። በዚህ ሚዛን ከመዘንን የልጅቱ የአንድ ቀን ምንዳ የዞኑን በጀት ይጨርሳል። ሌላው ደግሞ «ጨርቅ ማውለብለብ ምን ትምህርት ይፈልጋል? የሚገባው በዕውቀቱ ልክ ነው» አለ። ይህም ከሠራተኛው ላይ የሚታየውን እንጂ የሚሸከመውን አይመዝንም። ሦስተኛው «ተስማምታ ገብታለች፤ ማን አስገደዳት?» አለ። ብዙዎቻችን በልባችን የምናስበው ይህንኑ ስለሆነ በዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ልዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው መልእክታቸው ለዚህ ክርክር መልስ ሰጥተዋል። አሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው፤ ከውል በፊት የሚቀድም የተፈጥሮ ፍትሕ አለ፤ ሠራተኛው ችግር አስገድዶት ወይም የባሰ ፈርቶ የተቀበለው ክፍያ በፈቃድ የተቀበለው አይባልም። እንግዲህ ሚዛኑ የሚጀምረው ከሚጠበቀው ነፍስ ሳይሆን ከሚጠብቀው ሰው ኑሮ ነው። ቀኑን ሙሉ የቆመ ሰው በዚያ ቀን ምንዳ መኖር መቻል አለበት። ከዚህ ወለል በላይ ስለ ልምድና ስለ ድካም መደራደር ይቻላል፤ ከወለሉ በታች ግን የሚደረገው ድርድር ስሙ ሌላ ነው።

ስለ ወይኑ አትክልት ሠራተኞች የተነገረው የጌታችን ምሳሌም በዚህ ነገር ብዙ ጊዜ ያለ ቦታው ይጠቀሳል። ስለ ደመወዝ የሚያጉረመርመውን ዝም ለማሰኘት «ባለቤቱ በገንዘቡ የወደደውን ያደርጋል» ይባላል። እኔም በስብከቴ እንዲህ ማለቴን አልክድም። ነገር ግን ባለ አትክልቱ ያደረገውን እንመልከት፤ የመጨረሻዎቹን ወደ ፊተኞቹ ከፍ አደረገ እንጂ ማንንም ከተስማማበት አላጎደለም። የሰጣቸውም አንድ ዲናር የዚያ ዘመን የአንድ ቀን ሙሉ ምንዳ ነበረ። የእኛ ነገር ግልባጩ ነው፤ እኩል ሰዓት የቆሙ ሁለት ሰዎች እኩል ሳይቀበሉ ይሄዳሉ።

ለተቋራጩም መናገር ይገባል። ጨረታ የሚያሸንፈው ብዙ ጊዜ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ነው። ሥራውን ለንዑስ ተቋራጭ ሲሰጥ ንዑሱም የሚያተርፈው ከአንድ ቦታ መቀነስ አለበት፤ ሲሚንቶና ነዳጅ አይቀነሱም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ሰው ሥራ በጻፉት መልእክት «ተዘዋዋሪ አሠሪ» የሚል አሳብ አምጥተዋል። ቀጥታ የሚከፍለው አንድ ሰው ቢሆንም፣ ክፍያው እንዲያንስ የሚገፉ ሌሎች ብዙዎች ከኋላው አሉ ማለት ነው። መንገዱ በርካሽ እንዲያልቅ የሚፈልገው መሥሪያ ቤት አለበት፤ ቶሎ ካላለፍሁ ብሎ የሚሳደበው ሹፌር አለበት፤ በሚኒባሱ ውስጥ የተቀመጥሁት እኔም አለሁበት። ለታሪፉ እከራከራለሁ፤ ታሪፉ ስለማን ጉልበት እንደረከሰ አልጠየቅሁም።

እዚህ ላይ በነጻ ስለሚያገለግሉትም አንድ ነገር ልበል። በከተሞቻችን ፊሽካ ይዘው ታናናሾቻቸውን የሚያሻግሩ ተማሪ ትራፊኮች አሉ፤ በክረምትም የበጎ ፈቃድ ወጣቶች በዜብራው ላይ ይቆማሉ። ይህ በደል አይደለም፤ ስጦታ ነው፣ ደግሞም ያማረ ስጦታ። ነገር ግን ስጦታ የሚሆነው ሰጪው እምቢ ማለት ሲችል ነው። እናቱ ቤት እራት ተዘጋጅቶ የሚጠብቀው ተማሪና ዛሬ ካልሠራ የማይበላ ወጣት አንድ አይደሉም።

ይህን የምጽፈው በሌላ ለመፍረድ እንዳይመስል የራሳችንን ልናገር። ባገለገልሁበት አንድ ቁምስና የንግሥ በዓል በደረሰ ቁጥር ሕዝቡ አስፋልቱን አቋርጦ ስለሚመጣ፣ ባጃጁና ጋሪው፣ ፈረሰኛውም ጭምር በአንድነት ይጨናነቃል። ስለዚህ ከቀን ሠራተኞች መካከል አንድ ወጣት ጠርተን ከንጋት እስከ ቀትር መንገድ ላይ እናቆመው ነበር። ምንዳው ምሳና ምርቃት ነበር። ድንኳን የተከሉት ተከፍሏቸዋል፤ የድምፅ ማጉያ ያከራየውም ተከፍሎታል። እርሱ ብቻ «ለእግዚአብሔር ነው» ተባለ። ሦስት ዓመት እንዲህ አደረግን። በአራተኛው ዓመት ስንጠራው በዓሉ የሥራ ቀን እንደሆነና ወደ ቆላ ለአረም መሄዱን እናቱ ነገሩን። በዚያ በዓል መንገድ ላይ የቆመ ሰው አልነበረም፤ አንዲት አሮጊት በባጃጅ ተገጭተው እግራቸው ተሰበረ።

በቀጣዩ የቁምስና ጉባኤ ነገሩን አነሣሁ። አንድ አዛውንት «አባ፣ የእግዚአብሔርን ሥራ በገንዘብ ልናደርገው ነውን?» አሉኝ። ስለ ድንኳኑ ስመልስላቸው ዝም አሉ፤ የተስማሙ ግን አልመሰለኝም። በብዙ ክርክር ለሚቆመው ሰው የአንድ ቀን ሙሉ የጉልበት ሥራ ዋጋ እንዲከፈል ተወሰነ፤ ያ ወጣትም ተመልሶ ቆመ። በዓሉ ሳይነጋ ውኃ ቀድተው ስለሚያመጡት ሴቶች ግን በዚያ ጉባኤ ያነሣ አልነበረም፤ እኔም ትዝ ያለኝ ወደ ቤት ስመለስ ነው።