ከሥር ያለው እርጥብ እህል



ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ሰሞኑን አንድ የቢቸና ልጅ ጠየቀኝ። ጤፍ ከገበሬ እየገዛ በቴሌግራም ለአዲስ አበባ ደንበኞች ይሸጣል። «ኡስታዝ፣ ማኛ ነው ብዬ አልዋሸሁም። ፎቶው ላይ ነጩን አሳየሁ፤ ከሥር ሰርገኛ እንዳለበት ማንም አልጠየቀኝም። ዝም ማለት ውሸት ነው እንዴ?» አለኝ።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ውስጥ በእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ውስጥ ቢያስገቡ ጣታቸውን እርጥበት ነካው። ነጋዴውን ሲጠይቁት ዝናብ መትቶት ነው አለ። ሙስሊም በዘገቡት በዚህ ሐዲስ ሰውየው አንድም የውሸት ቃል ሲናገር አናገኝም። ረሱል ግን ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ አላደረግከውም ብለው ገሠጹት፤ የሚያታልል ከእሳቸው እንዳልሆነም ተናገሩ። ዝናቡ የነጋዴው ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ እርጥቡን ከሥር መተዉ ነው።

ስለዚህ «ምን አልኩ?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። «ገዢው ምን ብሎ አመነ?» በሉ። ጆንያውን ሲፈታ «ባውቅ ኖሮ በዚህ ዋጋ አልገዛም ነበር» የሚል ከሆነ ዝምታችሁ ዋሽቷል።

«ነጅሽ» የሚባልም አለ፤ መግዛት ሳይፈልጉ ሌላውን ለማሞኘት ዋጋ መጨመር ነው። ረሱል ከልክለውታል። ዛሬ ገበያው ስልካችን ውስጥ ገብቷል። የአክስት ልጅ ሳይገዛ ኮሜንት ላይ «ወስጄዋለሁ፣ ምርጥ ነው» ብሎ ሲጽፍ፣ መጋዘኑ ሞልቶ ሳለ «3 ኩንታል ብቻ ቀረ» ሲባል ከነጅሽ በምን ይለያል?

ማስታወቂያ ሐራም ነው አላልኩም። ያማረ ፎቶ አንሡ፤ እውነተኛ ደንበኛ የተናገረውን አስፈቅዳችሁ ለጥፉ። ግን ሰርገኛውን ሰርገኛ በሉ፤ በዋጋው የሚፈልገው ሰው አለ። ከጆንያው አፍም ከሥሩም ዘግናችሁ አሳዩ። የማጓጓዣውን ሂሳብ ከመጀመሪያው ጻፉ።

ልጁን፦ «አስቀድመህ ለገዙህ ሰዎች ደውልና ንገራቸው» አልኩት። እንከን የተገኘበትን ዕቃ መመለስ የገዢ መብት ነው፤ ይመልሱ ወይስ ያስቀሩት፣ ምርጫው የእነሱ ነው።

«እከስራለሁ» አለኝ። ሊከስር ይችላል። እኔም የምነግራችሁን ነገር ከባድ ጎን ከሥር መደበቅ የለብኝም፦ እውነት የተናገረ ሁሉ በዚያው ወር አያተርፍም። ግን እዚያው ምሥራቅ ጎጃም ያለችውን ሞጣን አስቡ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012፣ በዕለተ ጁምዓ፣ መስጂዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆችም ወደሙ። የዓመታት ልፋት በአንድ ቀን አመድ ሲሆን ለነጋዴ ምን ይቀረዋል? «ውሰድ፣ ስትሸጥ ትከፍለኛለህ» የሚያስብለው ስሙ ነው። ስምን ሌላ ሰው የለኮሰው እሳት አያቃጥለውም። የሚያቃጥለው ባለቤቱ ነው፤ ያውም በአንድ ኩንታል ትርፍ።

ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት ሻጭና ገዢ እውነት ተናግረው ያለውን ከገለጹ ግብይታቸው ይባረካል፤ ከደበቁና ከዋሹ በረካው ይጠፋል። ብሩ ሊበዛ ይችላል፤ በረካው ግን የለም።

ዛሬ ከጁምዓ ሰላት በኋላ የለጠፋችሁትን ማስታወቂያ ክፈቱና እንደ ገዢ አንብቡት። ከሥር የቀረ ነገር ካለ ወደ ላይ አውጡት።

አላህ ሐላል ሪዝቅና በረካ ይስጠን። አሚን።