የሚያስፈልገንና የምንፈልገው

ወጣቶች ሆይ! «ያስፈልገኛል» እና «እፈልጋለሁ» የሚሉት ሁለት ቃላት ከአንድ ሥር የበቀሉ ስለ ሆኑ፥ ሰው አንዱን በሌላው ስፍራ እያስቀመጠ ራሱንም ባልንጀራውንም ያታልላል። ይህ በልብስና በቤት ዕቃ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው፤ ዛሬ ግን በጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ በሚቀመጠው ኮምፒዩተርም ይታያልና፥ ስለዚሁ ጥቂት ልጻፍላችሁ።

እንደ ሳጉሬ ባለች ከተማ የሚሠራ ጸሐፊ ደብዳቤ ይጽፋል፥ ሰንጠረዥ ይሞላል፥ በኢንተርኔት መልእክት ይቀባበላል። እስቲ በሒሳብ እንየው። አንድ የአማርኛ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በተባለው ሥርዓት ሲመዘገብ 3 ባይት ይይዛል፤ እንግዲህ 2,000 ፊደል ያለው ደብዳቤ 6,000 ባይት ነው ማለት ነው። 8 ጊጋ ባይት ራም ያለው መሣሪያ ሌላ ሥራ ባይኖረው ኖሮ፥ እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ከ1 ሚሊዮን በላይ በአንድ ጊዜ በያዘ ነበር። እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት አንዲት የጽሕፈት መኪና ለሁሉ ትበቃ ነበር፤ ማታ ማታም በጨርቅ ትሸፈን ነበር።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያውስ ማናቸውም አሮጌ መሣሪያ ይበቃል» የሚል ቢኖር ግን ተሳስቷል። ራሙን የሚሞላው ደብዳቤው ሳይሆን ዊንዶውስና የኢንተርኔቱ ብራውዘር ነው። ዊንዶውስ 11 ለመጫን ብቻ እንኳ ቢያንስ 4 ጊጋ ባይት ይጠይቃል። ስለዚህ ለተራ ሥራ 8 ጊጋ ባይት ራምና ኤስኤስዲ ያለው መሣሪያ ይበቃል እላለሁ። ብዙ ጊዜ ኮምፒዩተርን የሚያንቀራፍፈው የሚሽከረከረው አሮጌ ሃርድ ዲስክ ነውና፥ እርሱን ብቻ በኤስኤስዲ መለወጥ አዲስ ከመግዛት ያድናል። ከዚያ የሚተርፈው ገንዘብ መብራት ድንገት ሲጠፋ ሥራውን የሚያድን ዩፒኤስና የመዝገቡን ቅጂ የሚይዝ ሌላ ዲስክ ይግዛበት። በብዙ መሥሪያ ቤት እንዳየሁት ግን ብርቱው መሣሪያ በኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ኃላፊውም ዜና ያነብበታል።

የአርሲ ሰው ይህን ጉዳይ በሌላ መልኩ ያውቀዋል። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን ርዳታ በጭላሎ አውራጃ የተቋቋመው ካዱ ለአነስተኛ ገበሬ ታስቦ የተጀመረ ነበር፤ በሬ የሚጎትተውን ማረሻም ለማሻሻል ሞክሯል። ነገር ግን ባለ ሰፊ መሬቶቹ ትራክተር እየገዙ፥ ጭሰኛውን ከመሬቱ ያስለቅቁት ጀመር። ትራክተር በራሱ ክፉ አይደለም፤ «ያስፈልጋል» ሲባል ግን «ለማን?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ለኮምፒዩተሩም ጥያቄው ይኸው ነው። ከገጠር ቀበሌ በእግሩ መጥቶ በበር ላይ የቆመው ገብስ አራሽ የመሬቱን ወረቀት ይጠብቃል። መሣሪያው እስኪከፈት ሩብ ሰዓት ቢፈጅ፥ የባከነው የእርሱ ቀን ነው፤ አለልክ ውድ ዕቃ ቢገዛም የሚከፈለው ከግብሩ ነው። ንፉጉም አባካኙም የሚጎዱት ይህንኑ ሰው ነው።

ደግሞ ያላሰብነውን ፍላጎት ሌላ የሚያመጣብን ጊዜ አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 በነጻ ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት እድሳት በጥቅምት 2018 ዓ.ም. አቆመ፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ብዙ ደኅና መሣሪያዎችን አይቀበልም። እነዚህ ግን ሊኑክስ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ቢጭኑባቸው፥ በአማርኛም በኦሮምኛም እየጻፉ ገና ብዙ ዓመት ያገለግላሉ። በእኛ አገር በኩል እኔ ያጣሁት መሣሪያውን ሳይሆን የሚጭነውን ልጅ ነው።